ተራራው አንድ፥ ትምህርቱ ብዙ
(በማኅበሩ መቶኛ ዓመት በዓል ለተሰበሰቡ አባቶች፥ መምህራንና ተሳላሚዎች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ብፁዓን አባቶች፥ ክቡራን ሊቃውንት፥ የተከበራችሁ እማሆዮች፥ ባሕርና በረሃ አቋርጣችሁ ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የወጣችሁ ተሳላሚዎች፤

የማኅበራችን መቶኛ ዓመት በሚታሰብበት በዚህ በዓል፥ ስለ ቀደሙት አባቶች ትዕግሥትና ስለ ጸሎቱ አለመቋረጥ ከእኔ የሚበልጡ አባቶች ተናግረዋል። እኔም እነርሱ አሟልተው የተናገሩትን ደግሜ ጊዜያችሁን አልወስድም። ለእኔ የደረሰኝ ክፍል ትንሽ የሚመስል ነው፤ ይኸውም የሕፃናት ትምህርት ነው። ከዚያም ውስጥ አንዱን ብቻ መርጬ፥ ተራራና ተራራማ አገር በመጀመሪያ ደረጃ ላሉ ልጆች እንዴት ቢሰጥ እንደሚጠቅም የማውቀውን አቀርባለሁ።

በመቶ ዓመት በዓል የተራራ ነገር ምን አመጣው የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ከእግራችን በታች ነው። ኢየሩሳሌም በተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ማኅበራችን የወጣባት ኢትዮጵያም የተራራ አገር ናት፤ ከምናደርሰውም ጸሎት የተራራ ስም የማይጠራበት ቀን ጥቂት ነው። የሚመጣውን መቶ ዓመት ተረክበው የሚይዙት ደግሞ ዛሬ ፊደል የሚቈጥሩት ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች የተራራውን ስም እየጠሩ ተራራውን ሳያውቁ ቢያድጉ፥ የምናወርሳቸው ቃል ፍሬው የወጣ ገለባ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ ቢመስልም የውርስ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፥ ከወላጆቻቸው ጋር የመጡትን ልጆች ሰብስቤ «ደብረ ታቦር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «ሙልሙል የሚበላበት ቀን ነው» አለ። ሁለተኛው «ጅራፍ የሚጮኽበት ነው» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ «አያቴ የተወለደችበት ከተማ ነው» አለችኝ። ሦስቱም እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን «ተራራ ነው» ያለ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ታቦር ግን ከኢየሩሳሌም በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ በኢይዝራኤል ሜዳ ዳር ብቻውን ቆሞ ከሩቅ የሚታይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 575 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ክብ ተራራ ነው። በዓሉ በልጆቹ እጅ ነበረ፤ ተራራው ግን ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር በሰዓቱ ገብቶ የተራራውን ከፍታ ያስጽፋል፤ የሒሳብ መምህር ምን እንደሚቈጠርበት ያልታወቀ ቍጥር ያስደምራል፤ የሃይማኖት መምህር የቅዱሳት ተራሮችን ስም ያስጠናል። ሦስት መምህራን በሦስት ሰዓት ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ልጁ ግን ነገሩ አንድ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግነው ከዚህ ችግር የዳንነው በብልሃት ሳይሆን በእግራችን ነው። የቆሎ ተማሪ ሆነን አኮፋዳ አንግተን ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ስንዞር፥ ጂኦግራፊ የሚባለውን ስም ሳንሰማ ደጋንና ቆላን በተረከዛችን ለክተናል። የዛሬ ልጅ በመኪና ስለሚሄድ አቀበቱ አያደክመውም፤ ቍልቍለቱም ጕልበቱን አያንቀጠቅጠውም። እንግዲህ እግር ሳናስበው ያስተማረንን፥ ለእርሱ አስበን ልናስተምረው ይገባል።

መንገዱንም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ በእጃችን አለ። የትርጓሜ መምህር አንድ ቃል ሲቀርብለት በመጀመሪያ ንባቡን ያጸናል፤ ቀጥሎ ዘይቤውን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ታሪኩን ያመጣል፥ ምሥጢሩን ይገልጣል። ለማስረዳት ሲሻም ከእርሻ፥ ከከብት፥ ከዝናምና ከከዋክብት ምሳሌ ይስባል። አሥር ጊዜ «አንድም» ቢል ግን የተነሣበትን ቃል አይለቅም፤ ሁሉም ተመልሶ ወደዚያው ቃል ይገባል። ተራራንም ለልጆች በዚህ ሥርዓት ማስተማር ይቻላል። ንባቡ ራሱ ተራራው ነው። አንድም ቋንቋ ነው፤ አንድም ሒሳብ ነው፤ አንድም የአየር ጠባይ፥ አንድም የእህልና የእንስሳ ነገር፥ አንድም ታሪክ፥ አንድም ዜማ ነው። ይህ አሳብ ለዘመናዊው ትምህርት ቤትም እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች የሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ የተፈጥሮንና የኅብረተሰብን ዕውቀት በአንድ የሚያስተምር ነው። እኛ «አንድም» የምንለውን እነርሱ በሌላ ስም ይዘውታል።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በተራ ልናገር።

መጀመሪያው ቃሉ ነው። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ሲበዛ «አድባር» ይሆናል። ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ፥ ደብረ ሲና የሲና ተራራ፥ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ደብር ብዙ ካህናት የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ስም ሆኖ ቀረ። ልጆች ይህን ሲሰሙ የሚያውቋቸውን «ደብረ» የሚል ስም ያላቸውን ቦታዎች ሁሉ ይቈጥሩ፤ ደብረ ብርሃን፥ ደብረ ማርቆስ፥ ደብረ ሊባኖስ፥ ደብረ ዳሞ እያሉ ሰሌዳው እስኪሞላ ድረስ ይጽፋሉ። ከዚያም የአማርኛውን ሀብት ይዘርዝሩ፤ ተራራ፥ ጋራ፥ ኰረብታ፥ ጕብታ፥ አምባ፥ ሸንተረር፥ አፋፍ፥ ገደል፥ ተዳፋት፥ ሸለቆ። መምህሩ የእያንዳንዱን ልዩነት በቃል ብቻ አይንገራቸው፤ በእጃቸው በአሸዋ ላይ ይሥሩት። አምባ አናቱ ሜዳ፥ ዙሪያው ገደል መሆኑን ጣቱ ያወቀ ልጅ ከኰረብታ ጋር አይደባልቀውም። ሕዝባችን ለተራራ ራስ፥ ወገብ፥ ጐንና እግር ሰጥቶ እንደ ሰው እንደሚጠራውም ያስተውሉ። አንድ የቋንቋ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ሁለተኛው መንገዱ ነው። በዚህ አገር ላለን መምህራን እግዚአብሔር ከሁሉ የሚበልጥ ሰሌዳ ሰጥቶናል፤ እርሱም ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 780 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች፤ ደብረ ዘይት ከ800 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ኢያሪኮ ግን ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ናት። ስለዚህ በጥንቱ የእግር መንገድ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጕዞ መንገደኛው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወንጌል በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው ሲናገር «ወረደ» ማለቱ ለማሳመር አይደለም፤ የቦታው ሥራ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም መሄድንም «መውጣት» የምንለው እግር ስለሚያውቀው ነው። ልጆች ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ ሁለቱን ግሦች ዕድሜያቸውን ሁሉ አይረሱም።

በዚሁ መንገድ ዳር የባሕር ወለል ልክ የተመለከተበት ምልክት አለ። መኪናው እዚያ ሲቆም ልጆቹ ይውረዱ፤ «አሁን የቆማችሁት በዜሮ ላይ ነው» ይባሉ። ባሕር በዓይን የማይታይበት ደረቅ ተራራ ላይ ቆመው ከባሕር ጋር ትክክል መሆናቸውን ሲሰሙ ይደነቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ሜትር ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቍጥር በሰሌዳ ላይ ሲታይ ልጅን ያስጨንቃል፤ እዚህ ግን በእግሩ ይገባበታል። 780ን እና 250ን ደምሮ 1,030 ሜትር መውረዱን ራሱ ያገኛል። የጨው ባሕር ፊት ደግሞ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር ይበልጣል። የዮርዳኖስ ውሃ ከላይ ለመስኖና ለመጠጥ ስለሚወሰድ፥ ጨዉንና ማዕድኑን ለማውጣትም ባሕሩ በሰው እጅ ስለሚተን፥ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይጐድላል። የሰባት ዓመት ልጅ «እኔ ከተወለድሁ ወዲህ ስንት ወረደ?» ብሎ ቢያሰላ ሰባት ሜትር ያህል፥ ማለት የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያገኛል። ይህን ቍጥር ያሰላ ልጅ ውሃ ማባከን ምን እንደሆነ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሙቀቱና ዝናሙ ነው። በመውጣትና በመውረድ የአየሩ ሙቀት ይለወጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ልጆቹ የሙቀት መለኪያ ይዘው በኢየሩሳሌም አንድ ጊዜ፥ በኢያሪኮ አንድ ጊዜ ይጻፉ፤ ልዩነቱን ያስተያዩ። ዝናሙም እንዲሁ ነው። እርጥብ ነፋስ ከምዕራብ ከታላቁ ባሕር ተነሥቶ ወደ ይሁዳ ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ውሃውን መሸከም ስለማይችል ያዘንመዋል። ተራራውን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ግን እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ኢየሩሳሌም በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ስታገኝ፥ ኢያሪኮ የምታገኘው የዚህን ሲሶ ያህል ነው። ከደብረ ዘይት ወደ ምዕራብ ያየ ዛፍ ያያል፤ ወደ ምሥራቅ ያየ ምድረ በዳ ያያል። አባቶች መነኮሳት ወደ ይሁዳ በረሃ የሄዱት ሩቅ ተጕዘው አልነበረም፤ የተራራውን ጀርባ ተሻግረው ነው።

ይህን ያየ ልጅ የአባቶቹን አገር ለማወቅ ቁልፉን አግኝቷል። በሸዋ ደብረ ሲና የምትባለው ከተማ ስሟን ከሲና ተራራ ያገኘች ናት። ከእርሷ በላይ ካለው ከጣርማ በር አፋፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፥ በአንድ ጧት ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ወርዶ ጋቢውን ጥሎ ላቡን ይጠርጋል፤ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላና በረሃ ይዘረጋል። የኢያሪኮ መንገድና የጣርማ በር መንገድ ወንድማማች ናቸው። ልጆች ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ሥለው ቁመታቸውን በልክ ያስተያዩአቸው። በዚህ አንድ ሥዕል ሒሳብም፥ ጂኦግራፊም፥ የእጅ ሥራም ይፈጸማል።

ቀጥሎ የኢትዮጵያን መሰላል ያሳዩአቸው። በግምት ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ፥ ከዚያ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፥ ከዚያ እስከ 3,200 ደጋ፥ ከዚያ በላይ ውርጭ ይባላል፤ ከ500 በታች በረሃ ነው። በእያንዳንዱ እርከን ላይ እህሉን ያስቀምጡ፤ በቆላ ማሽላና ሰሊጥ፥ በወይና ደጋ ጤፍ፥ በደጋ ስንዴ፥ ባቄላና ገብስ። ከዚያ በላይ እየወጡ ሲሄዱ ከገብስ በቀር የሚጸና እህል የለም፤ በመጨረሻም እርሻው ቀርቶ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይታያሉ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀን በሚገኝበት በሰሜን ተራሮች፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ዋልያና ጭላዳ ይኖራሉ። ይህን ትምህርት ወደ ማድ ቤትም ማግባት ይቻላል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ያህል፥ በራስ ደጀን አናት ደግሞ በ85 ዲግሪ ያህል ይፈላል። በደጋ ያለች እናት ሽምብራዋ ቶሎ የማይበስልላት ለዚህ ነው። ልጆች ይህን ለእናቶቻቸው ሄደው ሲነግሩ፥ እናቶቻቸው ከተማሩት የሚበልጥ ነገር ይጨምሩላቸዋል።

እዚህ ላይ ብልህ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀም መምህሩ ሊጠይቀው ይገባል። «ኢየሩሳሌም 780 ሜትር ብቻ ከሆነች በእኛ ስፍር ቆላ ናት፤ ታዲያ በረዶ የሚጥልባት ለምንድን ነው?» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2013 በኢየሩሳሌም የጣለውን ብዙ በረዶ እዚህ የነበርን እናስታውሳለን። መልሱ ከፍታ ብቻውን የአየርን ጠባይ እንደማይወስን ነው። የሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ፥ ኢየሩሳሌም ወደ 32 ዲግሪ ትጠጋለች፤ ፀሐይም በክረምቷ ዝቅ ብላ ታልፋለች። የዝናሙም ወራት ልዩ ነው። በጥምቀት ወደዚህ የሚመጡ ተሳላሚዎች በአገራቸው ሣሩ ደርቆ ትተውት ሲመጡ እዚህ ተራራው ለምልሞ ያገኙታል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ባንድ አገር ያወቀውን ስፍር ይዞ በሌላ አገር ላይ ቶሎ እንዳይፈርድ ነው።

አራተኛው የእጅ ሥራው ነው። በትልቅ ሳፋ ውስጥ ልጆቹ ከጭቃ ተራራ ይሥሩ። መምህሩ በጣት ልክ ውሃ ያፍስስ፤ ልጆቹ ውሃው የነካውን ዙሪያ በስንጥር ይጫሩ። እንደገና በጣት ልክ ይጨምር፤ እንደገና ይጫሩ። አናቱ እስኪሰጥም ድረስ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ውሃው ሲቀዳ ተራራው በቀለበት በቀለበት ተከብቦ ይታያል። ከላይ ሆነው አይተው ቀለበቶቹን በወረቀት ላይ ሲሥሉ ካርታ ሠርተዋል ማለት ነው። ቀለበቶቹ የተጠጋጉበት ገደል፥ የተራራቁበት ለስላሳ ተዳፋት መሆኑን ያለ አስተማሪ ያገኙታል። በአጠገቡም ሦስት ድንጋይ ይቀመጥ፤ ከኢየሩሳሌም ተራራ ነጩ የኖራ ድንጋይ፥ ከሲና ቀላ ያለው ጠንካራ ድንጋይ፥ ከኢትዮጵያ ደጋ ጥቍሩ ድንጋይ። የመጀመሪያው ከጥንት ባሕር በታች ተጠራቅሞ የጸና፥ ሁለተኛው ከምድር ጥልቅ ውስጥ ቀልጦ የቀዘቀዘ፥ ሦስተኛው በምድር ፊት ላይ ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ መሆኑን የምድርን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ተራራ ሁሉ ተራራ ቢባልም አወላለዱ አንድ አይደለም።

አምስተኛው ድምፁ ነው። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ አጠገብ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ የግሪኮች ገዳም በገደሉ ጐን እንደ ጎጆ የተለጠፈበት ዋዲ ቀልጥ የሚባል ጥልቅ ሸለቆ አለ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ልጅ ቢጮኽ የገደል ማሚቶ ይመልስለታል። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጩኸቱ በሁለት ሰከንድ ከተመለሰ፥ አንዱ ሰከንድ ለመሄድ፥ አንዱ ለመመለስ ነውና ገደሉ 340 ሜትር ርቆ ይገኛል። በዚያው ቀን ስለ ቅዱስ ያሬድ ይነገራቸው፤ እንደ ትውፊታችን የዜማው አባት በመጨረሻ ዘመኑ የተቀመጠው በሰሜን ተራሮች ነው። ግእዝን፥ ዕዝልንና አራራይን እየለዩ አንድ አንድ ቃል ቢያዜሙ፥ ዜማ በሰፊ ስፍራ እንዴት እንደሚሄድ በገዛ ጆሮአቸው ይሰሙታል።

ስድስተኛው የሰዎቹ ኑሮ ነው። ልጆች ተራራ ውብ መሆኑን ብቻ ሰምተው መቅረት የለባቸውም። በደብረ ዳሞ አባ አረጋዊ ከመሠረቱት ገዳም ለመድረስ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣል። እህሉም፥ ውጋጁም፥ መጽሐፉም በገመድ ነው የሚወጣው። ልጆች 15 ሜትር ገመድ በግቢ ዘርግተው ይለኩትና «በዚህ ላይ አንድ ኵንታል እህል እንዴት እናወጣለን?» ብለው ይመካከሩ። ያ ገደል ገዳሙንና መጻሕፍቱን ከጠላት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ነዋሪውንም በየዕለቱ ያደክመዋል። ተራራ መሸሸጊያም ድካምም መሆኑን ያወቀ ልጅ፥ የደገኛን ሰው ትዕግሥት አይንቅም።

ሰባተኛውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የአፈሩ ነገር ነው። ሁለት የጭቃ ኰረብታ ይሠራ፤ አንዱ ራቍቱን ይተው፥ ሁለተኛው በሣርና በቅጠል ይሸፈን። በሁለቱም ላይ አንድ ልክ ውሃ ይፍሰስ። ከራቍቱ የወረደው ውሃ ደፍርሶ፥ ከተሸፈነው የወረደው ጠርቶ ይገኛል። ከዚያ መምህሩ «ይህ በአገራችን የሆነው ነው» ይበላቸው። ከአስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ከውሃውም ጋር የአራሹ አፈር ሲወርድ ኖሯል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፥ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ ዋልያውም እየቀነሰ ስለ ሄደ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ዙሪያው ተመንጥሮ ሳለ ግን ወይራው፥ ጽዱ፥ ዝግባውና ኮሶው ተርፎ የሚታየው በብዙ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አባቶቻችን ዛፉን ያቈዩት ደብሩን ስላከበሩ ነው። ልጅ «ደብር» የሚለው ቃል ተራራም ቤተ ክርስቲያንም መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ከተማረ፥ በዚህ ቀን ሁለቱ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተገናኝተው ያያቸዋል።

ወዳጆቼ፥ ከእናንተ መካከል በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ «ልጆቻችን የሚኖሩት በሜዳ ከተማ ነው፤ ተራራ ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። የምትኖሩበት ቤት ደረጃ አለው። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ያህል ነው። የቅድስት ካትሪና ገዳም በ1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የሙሴ ተራራ የሚባለው የሲና አናት 2,285 ሜትር ነው። ልዩነቱ 715 ሜትር፥ ማለት 238 ፎቅ ያህል ነው። ልጃችሁ በሳምንት ከፎቅ ወደ ፎቅ የወጣውን እየቈጠረ በወረቀት ላይ ከተሣለው ተራራ ጐን ምልክት ያድርግ። ስንት ሳምንት ወጥቶ አናቱ እንደ ደረሰ ራሱ ያውቀዋል። ወደዚህ ስታመጡትም በዓይኑ የሚያየውን ተራራ እግሩ አስቀድሞ ያውቀዋል።

አንዳንድ አባቶች «ልጅ በመጀመሪያ ፊደሉን ይለይ፥ ዳዊቱን ይድገም፤ ይህ ሁሉ ኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ቃላቸው እውነት አለው፤ ያልጸና ንባብ ላይ ትርጓሜ አይቆምም። እኔም ፊደሉ ይቅር፥ ዳዊቱ ይቀነስ አላልሁም። ነገር ግን ልጅ የሚያነበውን ነገር ካየው ንባቡ አይከብደውም፤ የተራራ ስም ባገኘ ቍጥርም ዓይኑ ይበራል። ሌሎች ደግሞ «ሁሉን በአንድ ቀላቅሎ ማስተማር ሁሉንም ያሳንሳል» ይላሉ። ይህም የሚያስፈራ ነገር ነው። ስለዚህ ለመምህራን ሦስት ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ።

አንደኛ፥ እያንዳንዱ ትምህርት በራሱ እውነተኛ ይሁን። የተራራ ሥዕል አጠገብ የተጻፈ መደመር የተራራ ሒሳብ አይደለም፤ ልጁ ሊያውቀው የፈለገውን ነገር የሚያሳውቀው ቍጥር ነው የተራራ ሒሳብ። ሁለተኛ፥ ሁሉ በአንድ ቀን አይጫን። ሰኞ ቃሉን፥ ማክሰኞ ልኩን፥ ረቡዕ ሙቀቱንና ዝናሙን፥ ሐሙስ ጭቃውን፥ ዓርብ የሰዎቹን ኑሮና ዜማውን እያሉ ቢከፍሉት፥ በየቀኑም ትናንት የተማሩትን ቢያስታውሱ ይበቃል። ሦስተኛ፥ ተራራውን ቶሎ ወደ ምሳሌ አንለውጠው። እኛ ካህናት ይህ ልማድ አለን፤ ልጁ ድንጋዩን ሳይነካ «ተራራ ማለት ትዕግሥት ነው» እንለዋለን። ሰም ሳይቀርጹ ወርቅ ማፍሰስ አይሆንም፤ ወርቁ የሚይዘው መልክ ያጣልና። በመጀመሪያ ተራራው ተራራ ይሁን፤ ልጁ ይውጣው፥ ይለካው፥ ይድከምበት። ምሥጢሩ በጊዜው ይደርሳል።

አባቶቼ፥ ልመናዬን በአጭሩ ልጨርስ። በየዓመቱ ከተሳላሚዎች ጋር ልጆች ይመጣሉ። ቤተ መቅደሱን አሳይተን፥ ባርከን፥ ማዕድ አቅምሰን እንሸኛቸዋለን። ከእንግዲህ ለእነርሱ አንድ ቀን እንለይላቸው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ እግሩ የጠና መነኩሴ ወደ ኢያሪኮ ይዟቸው ይውረድ፤ መለኪያና ወረቀትም በእጃቸው ይያዙ። ወደ አገር የምትመለሱ መምህራንም በየደብራችሁ ያለውን ተራራ ሰሌዳ አድርጉት፤ ለእርሱ ደመወዝ አይከፈልም። የዛሬ መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ የሚቆም ሰው ልጆችን ሰብስቦ ደብረ ታቦር ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፥ በአንድ ድምፅ «ተራራ ነው» ብለው ቢመልሱለት፥ ሙልሙላቸውንም ቢበሉ፥ ጅራፋቸውንም ቢያጮኹ፥ የእኛ ሥራ ከንቱ አልሆነም።

እግዚአብሔር አምላክ ያለፉትን አባቶች ነፍስ ያሳርፍልን፤ ያሉትን በጤና ያቈይልን፤ ሕፃናቱን በጥበብ ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።